ባሬላ ለብቻ አይነሣም

የዓለም ሠራተኞች ቀን የሚውለው ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው፤ ያውም ዓመታዊው። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ጎጃም ውስጥ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶ ከሚወጋ ሰማዕት ጋር አንድ ቀን ላይ የተጋጠመ በዓል ምን ዕድል አለው? እኔ ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ፣ ደብረ ማርቆስ ገብቼ፣ ሲሚንቶ መሸከም እስክጀምር ድረስ ያ ቀን የሠራተኛም መሆኑን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ከአንድ ግንበኛ ስልክ ውስጥ ከሚንጫጫ ሬዲዮ ነው። «እንኳን ለዓለም ሠራተኞች ቀን በሰላም አደረሳችሁ» አለ ሬዲዮው። እኛም «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን» አልን። የቀን ሠራተኛ ግን ባልሠራበት ቀን አይከፈለውም። ስለዚህ ፋሲካው ገና ሳይወጣ፣ በፍስኩ፣ በራሳችን በዓል ቀን ጾማችንን አደርን።

አባቴ ስለ ሠራተኛ መብት ሰምቶ አያውቅም፤ ዕረፍቱን ግን ማንም ነክቶበት አያውቅም። እኛ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፤ መሬቱ ቀዝቃዛ፣ ሰዉም ቁጥብ ነው። አባቴ በማርያም አያርስም፣ በሚካኤል አያጭድም፣ በባለወልድ እንጨት እንኳ አይፈልጥም። «ምነው ዛሬ እንኳ ብትሠራ?» የሚለው ሰው ቢመጣ መልሱ አጭር ነው፤ «በረዶ ይመጣል»። በረዶ ከመጣ ደግሞ የሠራውን ሰው ማሳ ለይቶ አይመታም፤ የጎረቤቱንም ያጠፋል። ስለዚህ የአንዱን ዕረፍት ሌላው ይጠብቅለታል። ጌታውም ሎሌውም እኩል በረዶውን ይፈራሉ። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ማኅበር የት አለ? ሊቀመንበሮቹ ሰማይ ቤት ናቸው፤ ማን ያስራቸዋል፣ ማንስ ይደልላቸዋል?

ከተማ ስገባ ግን የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። በረዶ ሲሚንቶን አይጎዳም። ስለዚህ የሕንፃ ተቋራጭ ቅዱሳንን አይፈራም።

ያኔ ማርቆስ ሕንፃ ሕንፃ የሚላት ጊዜ ነበር። ትናንት ገብስ የነበረበት ሜዳ ዛሬ ዙሪያው ቆርቆሮ ይታጠራል፤ በቆርቆሮው በር ላይ ደግሞ በየማለዳው እኛ እንሰበሰባለን። አቀጣጠሩ እንዲህ ነው፤ ካቦው፣ ማለትም የሠራተኞቹ አለቃ፣ በሩ ላይ ይቆምና በጣቱ ይመርጣል። «አንቺ፣ አንቺ፣ አንተ፣ አንቺ አይደለሽም፣ ኋላሽ ያለችው»። እኔ በዓይነ አፋርነቴ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ስለምቆም «ኋላሽ ያለችው» እየተባልሁ ብዙ ጊዜ ተመርጫለሁ። ዓይን አፋርነት እንጀራ ያበላል ብትባሉ እመኑ።

ሴቶቹ የሚመደቡት በባሬላ ነው። ባሬላን ለማታውቁ፤ ከጣውላ የተሠራ ገበታ ነገር ሆኖ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት እጀታ ያለው ነው። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ትይዛለች፤ መሐሉ ላይ አርማታ ይጫናል። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ባሬላ ለብቻ አይነሣም። የፊተኛዋ ከሄደች የኋለኛዋ ትሄዳለች፤ የፊተኛዋ ካስቀመጠች የኋለኛዋ ወደደችም ጠላችም ታስቀምጣለች። ሁለት ሰው እንዲህ ታስሮ የሚኖረው በባሬላና በተክሊል ብቻ ይመስለኛል።

የእኔ ባሬላ የፊት ተሸካሚ ፈንታነሽ ነበረች። ከአማኑኤል ወገን የመጣች፣ ባሏ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የቀረ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ሁልጊዜ ጀርባዋን ነው የማየው፤ ዛሬ መንገድ ላይ ፊቷን ካየሁ ላልለያት እችላለሁ፣ ጀርባዋን ግን ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ። እኔ ስለማልናገር እሷ ለሁለታችንም ታወራለች። «ትርንጎ፣ አለሽ ወይ? ወይስ ባሬላው ብቻውን ነው የሚከተለኝ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላለሁ። የቀኑ ንግግሬ በዚህ ያበቃል።

ፈንታነሽ የሚጠባ ወንድ ልጅ አላት፤ ታደለ ይባላል። በምሳ ሰዓት አማቷ በአንቀልባ አዝለው ያመጡላታል፤ እሷ በሩ ላይ ወጥታ አጥብታው ትመለሳለች። ታደለ ከጡት በቀር ሌላ ነገር አፉ አይገባም፤ በጥብጠው ቢሰጡት ይተፋዋል፣ ሰውነቱም ቀጭን ነው። አንድ ቀን ግን ካቦው፣ ጋሼ ሙላት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ እንዲቆለፍ አዘዘ። ምክንያቱ ፌሮ ተሰርቋል የሚል ነው። ፌሮ ማለት እንግዲህ ከእኔ ቁመት ሁለት እጥፍ የሚረዝም ብረት ነው፤ በጡት መሐል ተደብቆ የሚወጣ ነገር አይደለም። ፈንታነሽ «ጋሼ፣ ልጄ?» አለችው።

«ልጅሽን ማን ነካው?»

«መውጣት ካልቻልሁ እሱ ይግባልኝ።»

«ጠጠር ቢመታውስ? እኔ የሰው ልጅ ኃላፊነት አልወስድም» አላት። ርኅራኄውን አያችሁልኝ?

ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል። ያለቀሰውም ሳያገኝ ሲቀር እኔ አይቻለሁ። አማቷ ልጁን አዝለው መጡ፤ በሩ ተቆልፏል። ታደለ ከቆርቆሮው ወዲያ፣ ፈንታነሽ ከቆርቆሮው ወዲህ። በቆርቆሮው ላይ ምስማር የወጣበት ቀዳዳ ነበር። ፈንታነሽ ጣቷን ታጥባ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ በዚያች ቀዳዳ አሾለከችው። ልጁ ዝም አለ። የእናቱን ጣት እየጠባ ነው። ስንት ጊዜ ቢታጠብ የሲሚንቶ ጣዕም የማይለቀውን ጣት። ትንሽ ቆይቶ መታለሉን አወቀና እንደገና ጮኸ። እኛም ምሳችንን አቆምን። ማቆማችን ለማንም አልጠቀመ፤ ዳቦው ግን አልወርድ አለን።

ከሰዓት በኋላ «ትርንጎ፣ አለሽ ወይ?» የሚለኝ አጣሁ።

በሩን የሚቆልፈው ጋሽ ይርጋ ነው። ሽማግሌ ነው፣ የቀንም የሌሊትም ዘበኛ። ቁልፉን በአንገቱ እንደ ማዕተብ ያንጠለጥለዋል። ጋሽ ይርጋ በወጣትነቱ ሌላ ከተማ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቷል፤ የሠራተኛ ማኅበር አባልም ነበር። እትየ ብርቄ ሄደው አፋጠጡት። እትየ ብርቄ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ድረው ኩለው ሲያበቁ ሥራ አላስቀምጥ ብሏቸው ባሬላ የሚሸከሙ፣ ምላሳቸው ከአካፋ የከበደ ሴት።

«ይርጋ፣ አንተ የማኅበር ሰው አልነበርህም? እንዴት በሕፃን ላይ ትቆልፋለህ?»

ጋሽ ይርጋ ቁልፉን እያገላበጠ አየው። «ብርቄ፣ ማኅበርንስ ለምን ታነሺብኛለሽ» አለ። ከዚያ ግን ነገረን፤ ሽማግሌ «አልናገርም» ካለ መናገሩ አይቀርም።

መጀመሪያ፣ አለ፣ ማኅበር ማለት ጥቂት ሰዎች ከማሽኑ ጀርባ ተሰብስበው «ይሄ ይሄ ይጎድለናል» ማለት ነበር። ሰዓቱ ይጠር፣ የታመመ ይታከም፣ እጁን ማሽን የቆረጠው ሜዳ ላይ አይጣል። ይህን ያሉ አንዳንዶች ታሰሩ፣ አንዳንዶች ተባረሩ፣ ሰዓቱ ግን አጠረ። ከዚያ ዘመን ተለወጠና ማኅበሩ ትልቅ ሆነ፤ ቢሮ አገኘ፣ ማኅተም አገኘ፣ ባንዲራ አገኘ። ድሮ እኛ ነበርን ለማኅበሩ አቤት የምንለው፤ አሁን እሱ እኛን መጠየቅ ጀመረ። ለምን አረፈድህ? በሰልፉ ላይ ለምን ድምፅህን ዝቅ አደረግህ? ስለ ዓለም ወዛደር ስንጮህ የራሳችን ጫማ በሰልፉ አለቀ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ፣ ፋብሪካው ተሸጠ። ማኅበሩ የመጨረሻውን ስብሰባ ጠራ። የተሰበሰብነው በሙሉ ተቀናሾች ነበርን።

«ታዲያ ለኛ ሕግ የለም ማለት ነው?» አሉ እትየ ብርቄ።

«ሕግማ አለ» አለ ጋሽ ይርጋ። «ሕጉ አዲስ አበባ ነው ያለው።»

እትየ ብርቄ ግን የዋዛ ሴት አይደሉም። በሰፈራቸው የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ የዚያ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም ዳኛና አስተዳዳሪ፣ ራሳቸው ናቸው። ሰው እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ የቀረ እንዴት እንደሚቀጣ፣ የተኮራረፈ እንዴት እንደሚታረቅ ከእሳቸው የሚያውቅ የለም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከጠጠሩ ክምር ጀርባ ሰበሰቡን። «ስሙ እንግዲህ» አሉ፤ «ፈንታነሽ ከሥራ ከቀረች ልጁ ይራባል። ከሠራችም ልጁ ይራባል። ይህን ዓይነት ሒሳብ እግዜርም አይወደው። አንድ ቀን ሁላችንም ሥራ እናቁምና በሩን እናስከፍት።»

ሁላችንም ተስማማን። ያልተስማማነው በቀኑ ላይ ብቻ ነው።

«ማክሰኞ ይሁን» አለች አንዷ።

«ማክሰኞ ሚካኤል ነው» አሉ እትየ ብርቄ። «በሚካኤል ብናቆም በዓል አከበሩ ይሉናል እንጂ ማን አኮረፉ ይለናል?»

«ረቡዕስ?»

«እግዚአብሔር አብ።»

«ሐሙስ።»

«አቡነ አረጋዊ። እናቴ ስዕለት አለባት።»

«ዓርብ?»

«ቂርቆስ ነው። ያውም ሕፃን!» አለች ሌላዋ፣ ስለ ሕፃን የምንነጋገር መሆናችን ትዝ ብሏት ቀኑ የተመቸ እየመሰላት። እትየ ብርቄ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅዳሜ ኪዳነ ምሕረት ናት። እሑድማ እሑድ ነው። እንዲህ እያልን ወሩን ዞርነው፤ ከሠላሳው ቀን አንድ ባለቤት የሌለው ቀን አጣን። አባቴን አስታወስሁት። ለእሱ ቅዱሳኑ ዕረፍቱን ጠበቁለት፤ ለእኛ ደግሞ ቀኑን ሁሉ ቀድመው ይዘውት ሥራ የምናቆምበት ሥፍራ አሳጡን። የሚገርመው ደግሞ በእነዚያ ቀናት ሁሉ በልባችን ይቅርታ እየጠየቅን እንሠራ ነበር። እንግዲህ ሰው ምን ያህል ቢደክመው ነው፣ በበዓል እየሠራ ለሥራ ማቆሚያ ቀን ያጣ?

ጋሽ ይርጋ ከበሩ ሆኖ ሲሰማን ኖሯል። ወደ እኛ ሳይዞር፣ ለቆርቆሮው እንደሚናገር ሆኖ፣ «ቀን አትምረጡ» አለ። «ሥራ ምረጡ። ሶሌታ የሚሞላበትን።»

ሶሌታ የሕንፃው ወለል ነው፤ ለላይኛው ወለል፣ ለታችኛው ጣራ። አርማታው አንዴ መፍሰስ ከጀመረ እስኪያልቅ አይቆምም፤ ከቆመ መሐሉ ይደርቅና ወለሉ ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ግልጽ ሆነ። ሶሌታው በሚሞላበት ዕለት፣ የማንም ቅዱስ ቀን ይሁን፣ በምሳ ሰዓት ታደለ መጥቶ ከበሩ ውጭ ሲያለቅስ እኛ ባሬላችንን ዝቅ እናደርጋለን። ምልክቱ የታደለ ልቅሶ ነው። እትየ ብርቄ እንደ ጽዋው ማኅበር አስማሉን። እኔም ማልሁ፤ በልቤ።

ቀኑ ደረሰ። ሚክሰሩ ከንጋት ጀምሮ ያጓራል፣ ኢንጂነሩ ላይ ታች ይላል፣ ጋሼ ሙላት «ቶሎ በሉ! ቶሎ!» እያለ ጉሮሮው ነቅቷል። መወጣጫው ጠባብ ስለሆነ ባሬላዎቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ባዶው በሌላ በኩል ይወርዳል። ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሁላችንም ጆሯችንን ወደ በሩ ጣልን። የአማቷ ነጠላ በቆርቆሮው ስንጥቅ ታየን። መጡ! ሁላችንም ተዘጋጀን። ጠበቅን።

ዝም።

ታደለ ተኝቷል። ከተወለደ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ሳያለቅስ የቀረበት ቀን የለም፤ ያን ቀን ግን በአንቀልባው ውስጥ እንደ ጳጳስ ተንሰራፍቶ ተኛ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የትልልቅ ሰዎችን አድማ በጡት ልጅ ላይ አንጠልጥለን! ማንም ደፍሮ መጀመሪያ ማስቀመጥ አልቻለም፤ ምልክቱ ልቅሶ ነው ተብሎ ተምሏላ። እትየ ብርቄ ከታች ሆነው ወደ በሩ ያያሉ፤ አማቷን በዓይናቸው «ቆንጥጪው» የሚሉ ይመስላሉ። አማቷ ግን ምስኪን፣ ልጁ እንዳይነቃ እሹሩሩ ይላሉ። እኛም ባሬላውን ተሸክመን ወጣን፣ ወረድን፣ ደግመን ወጣን።

ከመወጣጫው መሐል ስንደርስ የፈንታነሽ ጀርባ ቆመ። እኔም ቆምሁ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አንገቴን ዘንበል አድርጌ ባይ ቀሚሷ ከደረቷ በታች ርሷል። ልጁ ባያለቅስ ጡቷ አለቀሰ። የሞላ ጡት እንዴት እንደሚያም እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከኋላዋ ስቆም ግን የገባኝ መሰለኝ። ከዚያ ምንም ሳትናገር ባሬላውን አስቀመጠችው። ባሬላ ለብቻ አይነሣም ብያችኋለሁ፤ ለብቻም አይቀመጥም። እኔም አስቀመጥሁ። ከኋላችን የነበሩት የሚያልፉበት ስለሌለ አስቀመጡ። ከእነሱም በኋላ ያሉት፣ ያልማሉትም፣ ነገሩን ያልሰሙት ወንዶችም ሳይቀሩ አስቀመጡ። አድማ ያልሁትን ነገር መንገድ መዝጋት ብትሉት አልቀየማችሁም።

ጋሼ ሙላት ከላይ እየዘለለ መጣ። «ምንድን ነው? ማን ነው ያቆመው?»

ፈንታነሽ እያለቀሰች ነው። እትየ ብርቄ ሩቅ ታች ናቸው። ፊት ለፊቱ የቆምሁት እኔ ነኝ።

«አንቺ! ለምን ቆምሽ? ተናገሪ እንጂ!»

በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። ዓይኔን ከመሬት ማንሣት ስላቃተኝ ጫማውን እያየሁ ቆምሁ። እሱ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ እኔ ደጋግሜ ዝም አልሁ። በመጨረሻ ወደ ኢንጂነሩ ዞሮ «ይቺ ናት መሪያቸው! አያት፣ ሙሉ ቀን ድምፅዋ አይሰማም፣ ለካ ስትሸርብ ነው!» አለ። ከማንም በላይ የፈራሁት እኔ፣ ከማንም በላይ ደፋር ተባልሁ። እንግዲህ በየዘመኑ ስማቸው ከተወሳ የአድማ መሪዎች ምናልባት ሦስት አራቱ እንደኔ መልስ ያጡ ይሆናሉ እያልሁ አንዳንዴ አስባለሁ።

ኢንጂነሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ከአርማታው ላይ አልተነሣም። «ይደርቃል፣ ይደርቃል! ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አለ።

«በሩን!» አሉ እትየ ብርቄ ከታች፤ ድምፃቸው ሚክሰሩን ቆርጦ አለፈ።

«የቱን በር?»

«ያንን በር! ልጅ ይጥባበት!»

«ለዚህ ነው?» አለ ኢንጂነሩ፤ መጀመሪያ ወደ እኛ፣ ቀጥሎ ወደ ጋሼ ሙላት አየ። «ክፈቱላታ!»

እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ የቆርቆሮው በር ሲንቋቋ ሰማን። ጋሽ ይርጋ ቁልፉን ቀድሞ ከቶት ኖሯል፤ ትእዛዙን ብቻ ሲጠብቅ። ፈንታነሽ ወርዳ ሮጠች። ታደለም ልክ እናቱን ሲያይ፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ አገር የሚያስነሣ ጩኸት ለቀቀ። እትየ ብርቄ «ሰዓት የማያከብር አባል!» ብለው ሰደቡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ በምሳ ሰዓት ይከፈት ተባለ። ሶሌታው ሲሞላ ጀንበር ጠለቀች። እልልታም ጭብጨባም አልነበረም፤ ማን አቅም ኖሮት? ድላችንን ያከበርነው እግራችንን ታጥበን በመተኛት ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን እናንተም እንደምታውቁት ለድኻ አንድ በር ሲከፈትለት ብዙ ጊዜ ሌላ በር ይዘጋበታል። በሳምንቱ ማለዳ እንደ ልማዳችን ለምርጫ ተሰልፈን ሳለ ጋሼ ሙላት ወንዶቹን አስቀድሞ አስገባ፤ ሴቶቹን ግን ዛሬ በጣቱ አልመረጠም። «የሚጠባ ልጅ ያላት በዚህ በግራ በኩል ትቁም» አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። መናገርም አያስፈልገውም፤ በግራ በኩል ያለው ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ነው። በሩ ይከፈት ተባለ እንጂ በሩ የሚያስፈልገው ሰው ይግባ አልተባለም።

ፈንታነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ከሰልፉ ወጣች። ብቻዋን በግራ በኩል ቆመች። ጀርባዋን አየሁት። ከዚያ ጀርባ ጋር ስንት ወለል ወጥቻለሁ።

እትየ ብርቄ ተንቀሳቀሱ። ቀስ ብለው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ሄደው ከፈንታነሽ አጠገብ ቆሙ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ይሠራሉ እዚያ?» አለ ጋሼ ሙላት።

«አጠባለሁ።»

«እርስዎ? ማንን?»

«የመጨረሻ ልጄን።»

«እትየ ብርቄ፣ የመጨረሻ ልጅዎ ወታደር አይደለም እንዴ?»

«ቢሆንስ? ጡት አልጣለም!»

ሰልፉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ሌላዋ «እኔም አጠባለሁ» ብላ ወጣች፤ ሌላዋም ተከተለች፤ አግብታ ልጅ በማጣቷ ስንት ጠበል የዞረችው ሴት ሳትቀር «እኔም፣ በስዕለት» ብላ ሄደች። በስተቀኝ የቀረን ሴቶች እየሳሳን መጣን። በመጨረሻ ቀና ስል ብቻዬን ነኝ፤ ከፊቴ የሚከልለኝ ሰው እንኳ የለም።

አሁን ይህን ነገር በደንብ እዩልኝ። እኔ ያላገባሁ፣ የአገሬ ሰው በዓይን የሚጠብቀኝ ልጃገረድ ነኝ። እንዲህ ያለች ልጅ በአደባባይ ልጅ አለኝ ማለቷ ቀልድ አይደለም፤ አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ ማንም አይመልሰውም። እዚያው ሰልፍ ውስጥ ከሮብ ገበያ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔም ይህን ምሳሌ ስሠራበት ነው የኖርሁት። ፈንታነሽ ግን ከግራ በኩል አየችኝና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዙራ፣ «ትርንጎ፣ አለሽ ወይ?» አለችኝ።

«አለሁ» አልሁ። ተሻገርሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አጠባለሁ» አልሁ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኾ ወጣ።

ጋሼ ሙላት ቀኝና ግራውን አየ። በቀኝ በኩል አቧራ ብቻ ነው። ጠጠር የጫነ መኪና መጥቶ ጥሩምባውን ያምባርቃል። «የዚህ አገር ሴት!» አለ በመጨረሻ፤ «ግቡ! ሁላችሁም ግቡ፣ የማታጠባ የለችም አሉ!» ገባን። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ፣ ስለ ማጥባት የጠየቀን የለም።

ማኅበራችን ስም አልነበረውም፣ ማኅተምም አልነበረውም። ሕንፃው ሲያልቅ እሱም አለቀ። እትየ ብርቄ ወገባቸው እምቢ አላቸው፤ ጋሽ ይርጋ ሌላ በር ሊቆልፍ ሄደ፤ ፈንታነሽ ወደ አማኑኤል ተመለሰች ሲባል ሰማሁ። አሁን በዚያ ሕንፃ በር ላይ ባለመለዮ ዘበኛ ቆሟል፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ ገባ ብዬ ወለሉን ልየው ብል «ምን ፈልገሽ?» አለኝ። «ምንም» ብዬ ሄድሁ። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቆርቆሮ በር ላይ፣ ሌላ ልጅ ያለቅስ ይሆናል። እነሱም ቀን ለመምረጥ ወሩን ይዞሩት ይሆናል።

ለእኔ የተረፈኝ ወሬው ነው። ወሬ ከማርቆስ ሮብ ገበያ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። ሕንፃው ገና ሳያልቅ፣ ለመስቀል አገሬ ስገባ እናቴ ከደጃፍ ቆማ አገኘችኝ። አልሳመችኝም። አስቀድማ ጀርባዬን አየች።

«ልጁስ?» አለችኝ።

«የምን ልጅ፣ እማየ?»

«አታድክሚኝ ትርንጎ። ‹አጠባለሁ› ብለሽ በሰው ፊት መናገርሽን ሰምቻለሁ። ለገንፎሽ ቅቤ አንጥሬ ከተቀመጥሁ ወር አለፈኝ።»

ቁጭ ብዬ ነገርኋት። በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ስለ ባሬላው፣ ስለ ቆርቆሮው ቀዳዳ፣ ስለ ጣቷ፣ ስለ ግራና ቀኙ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እንግዲህ የሰው ልጅ ይጥባ ብለሽ ነው ስምሽን ያጠፋሽው?»

«አዎ።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የቅቤውን ቅል ይዛ ወጥታ አጠገቤ አስቀመጠችው። «ስትመለሽ ለሴትዮዋ ስጫት» አለች። «አጥቢ ቅቤ ይሻታል።»

ቅሉን ይዤ ተመለስሁ፤ ፈንታነሽም ተቀበለችኝ። ታደለም ወፈረ። እናቴ ይህን ስትሰማ ጨርሳ አመነችኝ። አባቴ ግን፣ በማርያም የማያርሰው፣ በረዶ የሚፈራው አባቴ፣ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ «እሺ» ከማለት በቀር ምንም አላለም። እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ቤት ስገባ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ሰላም ካለኝ በኋላ፣ በሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላዬ ያያል።